የነከሰ ፍሬን፦ ልምታው፣ ላሙቀው፣ ልግፋው ወይስ ልቀይረው?

ሐምሌ ላይ ነው። አሮጊቷ ዲኤክስ ቶዮታዬ ጂማ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ አቮካዶ ዛፍ ስር 3 ሳምንት ቆማለች። የእጅ ፍሬኗ እንደተያዘ። ሞተሯ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ማርሽ አስገብቼ ልንቀሳቀስ ስል ግን የኋላው ግራ ጎማ አልዞር አለ። ጭቃው ላይ ይጎተታል እንጂ አይሽከረከርም።

ጎማውን ፈታሁ። ታምቡሩ፣ ማለትም የፍሬን ሸራውን እንደ ድስት ከድኖ ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት፣ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቆ አንድ ብረት ሆኗል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 3 ምክር ደረሰኝ። ጎረቤቴ «በመዶሻ በለው፣ ይለቃል» አለኝ። ብየዳ ቤት የሚሠራው ልጅ «እሳት አሳየው» አለ። መለዋወጫ የሚሸጠው ወዳጄ ደግሞ «ምን ያለፋሃል፣ ቆርጠህ ጣለውና አዲስ ግጠምበት» አለ። ሁሉም ለእኔ አስበው ነው። ሁሉም ምክር ደግሞ ልክ የሚሆንበት ቦታ አለው። እኔን የቸገረኝ የቱ መቼ ልክ እንደሆነ መለየት ነበር። ያንን ነው እዚህ የምጽፈው።

ጂማ ላይ ይህ ነገር የብዙ ሰው ችግር ነው። ዝናባችን ረጅም ነው፤ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል። ክረምቱ ሲገባ ብዙ አሮጌ መኪና ግቢ ውስጥ ይከርማል። የፍሬን ዘይት ደግሞ በባሕርዩ እርጥበት ከአየር ይስባል። ስለዚህ ዝገቱ ከውጭ ብቻ አይደለም፤ ዘይቱ ሸራውን የሚገፋበት ሲሊንደር ውስጥም ይገባል። አዲስ አበባ ልሂድ ያለ ሰው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል፣ መሐል ላይ የግቤ ቁልቁለት አለ። ያንን ቁልቁለት በግማሽ ፍሬን መውረድ ሞትን መጥራት ነው።

መጀመሪያ፦ የት ነው የያዘው?

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ይህን ሳይጠይቁ መዶሻ ከማንሳት ነው። ታምቡር በ3 ቦታ ሊይዝ ይችላል።

አንደኛው መሐሉ ላይ ነው። ታምቡሩ የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ ሜካኒኮቹ ሞዞ የሚሉት፣ ዙሪያውን ይዝግና ታምቡሩን ይነክሰዋል።

ሁለተኛው ከውስጥ ነው። ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ታምቡሩን በዘመናት እየበላ ጠርዙ ላይ ከንፈር ይተዋል። ታምቡሩ ከሞዞው ቢለቅም ከንፈሩ ሸራው ላይ ይጠለፋል። ይህኛው በመዶሻም በእሳትም አይፈታም። ሸራውን ማላላት ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ሦስተኛው ሸራው ራሱ ከታምቡሩ ጋር ሲጣበቅ ነው። እርጥብ ሸራ፣ የተያዘ የእጅ ፍሬን፣ ጥቂት ሳምንት። በቃ። የእኔ መኪና አንዱ ችግር ይሄ ነበር። እዚህ ላይ ማርሽ አስገብቶ ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ ማወዛወዝ አንዳንዴ ይበቃል፤ «ጧ» ብሎ ይለቃል። ነዳጅ ረግጦ ማስገደድ ግን ሸራውን ከብረቱ ይገነጥለዋል።

እንዴት ትለያላችሁ? ታምቡሩ ጨርሶ ንቅንቅ ካላለ መሐሉ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ወጥቶ እንደ ላስቲክ ወደ ቦታው ከተመለሰ ሸራው ነው የያዘው። ይህችን ምልክት ብቻ ብታስታውሱ ከብዙ ወጪ ትድናላችሁ።

በምን እንመዝን?

እኔ 4 ነገር አያለሁ። መንገዱ ካልሠራ ምን ያበላሻል? አጠገቡ ምን አለ፣ ማለትም ጎማ ነክ ማሸጊያ፣ ዘይት፣ ኩሽኔታ፣ ሸራ? መሣሪያው ጂማ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል ወይ? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዋጋ የምመለከተው ከእነዚህ በኋላ ነው። ርካሹ መንገድ አንድ ኩሽኔታ ከሰበረ ርካሽ መሆኑ ይቀራል።

ማንኛውንም መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት የማይቀር ነገር አለ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፉ። በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ስር አትግቡ። የብረት ማቆሚያ አድርጉ። ብሎኬት አታድርጉ፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳይታሰብ ይፈርሳል። ወፍራም ጣውላ ይሻላል። የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ገመዱንም አላሉ። የአሮጌ መኪና ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አትንፉ፤ በውኃ አርጥባችሁ ጥረጉ።

ዘይትና ትዕግሥት

ሰው የሚንቀው መንገድ ይሄ ነው። እኔ ግን ሁሌም ከዚህ ነው የምጀምረው። ዝገት የሚያስርገው ዘይት መሐሉ ዙሪያና የጎማ ቡሎኖቹ በሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። ማታ፣ ጠዋት፣ እንደገና ማታ። በየመሐሉ ታምቡሩ ፊት ላይ በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ ይደረጋል። ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ያ ንዝረት ነው።

ምን ዘይት? ዝግጁ ሆኖ በቆርቆሮ የሚሸጠው ጥሩ ነው። ነጭ ጋዝና ናፍጣ ይሠራሉ፣ ግን ደካሞች ናቸው። ብዙ ሜካኒኮች የሚወዱት አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል በእኩል የተቀላቀለ ነው። ሁለቱ በደንብ ስለማይዋሃዱ በተጠቀማችሁ ቁጥር አናውጡት። አሴቶን ቶሎ እሳት ይይዛል፣ ቀለምም ይልጣል። በዚህ ድብልቅ የራሰ ነገር አጠገብ ሲጋራም ብየዳም አይታሰብም።

አደጋው ምንድን ነው? ማብዛት። ዘይቱ ወደ ውስጥ ወርዶ ሸራውን ከነካው ያ ሸራ አለቀለት፤ ታጥቦ አይድንም። የማዕድን ዘይት የፍሬን ሲሊንደሩን የጎማ ማሸጊያም ያሳብጠዋል። በጠብታ እንጂ በፍሰት አይደለም።

የሚፈጀው ከ1 እስከ 2 ቀን ነው። ብሩ ግን ከሁሉም ያነሰ ነው።

በቡሎን መግፋት

ይህን መንገድ የማያውቅ ባለመኪና ብዙ ነው፤ እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። የታምቡሩን ፊት በሽቦ ብሩሽ አጽዱና አስተውሉ። ከጎማ ቡሎኖቹ መካከል ጥርስ ያላቸው 2 ትንንሽ ቀዳዳዎች ታገኛላችሁ። ፋብሪካው ለዚሁ ሲል ነው የሠራቸው። ቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.25 የጥርስ ርቀት ያለው ቡሎን ይገባባቸዋል። እንዲህ ያለ ቡሎን ጂማ መርካቶ ውስጥ የቡሎንና የቪቴ ሱቅ ሁሉ ይሸጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀዳዳውን ጥርስ አጽዱ። የቡሎኑን ጫፍ ግራሶ ቀቡ። ሁለቱን በእጅ አስገቡ። ከዚያ አንዱን ግማሽ ዙር፣ ሌላውን ግማሽ ዙር። አንዱን ብቻ ብትጠመዝዙ ታምቡሩ ይጣመምና ይብስ ይነክሳል። ሲጠነክርባችሁ አትታገሉት። አቁሙ፣ በቡሎኖቹ መካከል ባለው ወፍራም ክፍል ላይ መታ መታ አድርጉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ግማሽ ዙር ጨምሩ። ዘይቱ አስቀድሞ ካደረ ሳይታሰብ «ቀጭ» ብሎ ይወጣል። የእኔ የወጣው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ድምፁን ስሰማ ቡናዬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

ጥቂት ወጥቶ ካቆመ ግን ወደ ከንፈሩ ጉዳይ ተመለሱ። ብዙ መኪኖች ከታምቡሩ ኋላ ባለው ላሜራ ላይ በጎማ ክዳን የተሸፈነ ቀዳዳ አላቸው። ክዳኑን አውጥታችሁ በቀጭን ካቻቪቴ ባለጥርሷን ማስተካከያ ወደ ማላላት አዙሩ። በራሱ የሚያስተካክል ዓይነት ከሆነ በሌላ ካቻቪቴ ምላሷን ከጥርሱ ገፋ አድርጋችሁ መያዝ አለባችሁ፤ አለዚያ አይዞርም። ይህን ሳያደርጉ ቡሎን መጠምዘዝ የውስጡን ሞላና መያዣ መገንጠል ነው።

መዶሻ

መዶሻ ራሱ መጥፎ አይደለም። ጥፋቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። አብዛኛው ታምቡር የሚሠራው ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት ነው። ይህ ብረት ግፊት ይችላል፣ ጠርዙ ላይ ሲመታ ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ከጥቂት ዓመት በፊት መኪናዬን ጋራዥ ሰጥቼ ሠራተኛው ከኋላ ጠርዙን በትልቅ መዶሻ ሲለው አየሁ። የጥፍር ያህል ቁራጭ ተነሳ። ታምቡሩ ወጣ፣ አዎ። ግን ሌላ መግዛት ነበረብኝ፣ ለዚያ ዘመን መኪና ደግሞ ማግኘቱ ራሱ ሳምንት ፈጀ።

መምታት ካለባችሁ በቡሎኖቹ መካከል፣ ፊት ለፊት፣ እየዞራችሁ ምቱ። መሐል ላይ ጣውላ ወይም የመዳብ ቁራጭ ብታደርጉ ይመረጣል። ቡሎኖቹን አትንኩ፤ ጥርሳቸው ከተበላ ዳዶ አይገባም። 20 ደቂቃ መትታችሁ ምንም ካልተለወጠ ኃይል መጨመር መልስ አይሆንም፤ ኩሽኔታው ነው የሚጎዳው።

እሳት

እሳት ይሠራል። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። የታምቡሩ መሐል ቶሎና ዙሪያውን እኩል ሲሞቅ፣ ውስጡ ያለው ሞዞ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ዝገቱ ይሰነጠቃል። በዚያች ቅጽበት መታ ማድረግ ነው። የድሮ ሜካኒኮች አንድ ብልሃት አላቸው፦ ሞቅ ባለው ስንጥቅ ላይ ሻማ ማስነካት። ሰሙ ቀልጦ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲቀዘቅዝም ያንሸራትታል። ለተጣበቀ ቡሎንና ዳዶ በጣም ጥሩ ነው።

ግን ስለ እሳት የምፈራቸውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዶት 3 ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲገባበት ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። የብየዳ እሳት ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ ነው። ሲሊንደር ወይም ካሊፐር (የፊት ዲስኩን በሸራ የሚጨብጠው ክፍል) ዘይት እንደያዘ ማሞቅ ዘይቱን ማፍላትና ማሸጊያውን ማቃጠል ነው። ሁለተኛው የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ነው። አንዳንዱ ክሎሪን አለበት፤ በእሱ የታጠበ ብረት ላይ እሳት ሲነካ ፎስጂን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ያ ጋዝ ሳንባ ይገድላል። ሦስተኛው የተጨመረው ዘይትና አሴቶን ነው። ዘይትና እሳት በአንድ ቀን አይሠሩም፤ ትናንት ዘይት ያፈሰሳችሁበትን ዛሬ ሳታደርቁና ሳታጥቡ አታሙቁ።

ስለዚህ እሳትን የምመክረው ለሚያውቀው የብየዳ ሰው ብቻ ነው። አሸዋ የያዘ ባልዲ አጠገቡ ይቀመጥ።

ፑለር

በ3 ጥፍሩ ጠርዙን ይዞ፣ መሐሉን እየገፋ የሚስብ መሣሪያ ነው። ቡሎን መግፊያ ቀዳዳ ለሌለው ወይም ጥርሱ ለተበላበት ይህ ነው መፍትሔው። ለአንድ ጊዜ ሥራ ከመግዛት ከጋራዥ መዋስ ወይም ከነሰውየው መከራየት ይበልጣል። ጠርዙ ቀድሞ የተሰነጠቀ ከሆነ አትሞክሩት።

ቆርጦ መጣል

በግራይንደር ሰንጥቆ ማውጣት ፈጣን ነው፣ አይመለስም ግን። አዲሱ ታምቡር በእጃችሁ ሳይገባ አትቁረጡ። ለአሮጌ መኪና ጂማ ውስጥ ካልተገኘ አዲስ አበባ መርካቶ ታዝዞ ነው የሚመጣው፤ እስከዚያ መኪናዋ በክሪክ ላይ ትከርማለች።

ባጭሩ

| መንገድ | ወጪ | ጊዜ | የሚሻለው | የማይሆነው |
|---|---|---|---|---|
| ዘይትና ትዕግሥት | በጣም ትንሽ | 1–2 ቀን | ለሁሉም መጀመሪያ | ሸራው ለያዘው |
| ቡሎን መግፋት | ትንሽ | 1–2 ሰዓት | ሞዞው ላይ ለነከሰ | የቀዳዳው ጥርስ ከተበላ |
| ማስተካከያውን ማላላት | ምንም | ግማሽ ሰዓት | ከንፈር ለያዘው | ማስተካከያው ራሱ ከዛገ |
| መዶሻ | ምንም | ደቂቃዎች | ከዘይትና ከቡሎን ጋር | ጠርዝ ላይ፣ ለአሉሚኒየም |
| እሳት | መካከለኛ | ግማሽ ሰዓት | ለዳዶ፣ ለቡሎን፣ ለሞዞ ዙሪያ | ዘይትና ጎማ ነክ ላለበት |
| ፑለር | መካከለኛ | 1 ሰዓት | ቀዳዳ ለሌለው፣ ለቮልስ | ለተሰነጠቀ ጠርዝ |
| መቁረጥ | ከፍተኛ | 1 ሰዓት | ላለቀለት ታምቡር | ምትክ ካልተገኘ |

ላዳና ቮልስ ላላችሁ

የላዳ የኋላ ታምቡር ውጭው አሉሚኒየም ነው፤ ሸራው የሚነካው ውስጡ ላይ የብረት ቀለበት አለ። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከመቅለጡ በፊት ደግሞ እንደ ብረት አይቀላም። አያስጠነቅቃችሁም። እሳት ይቅርባችሁ፣ ከባድ መዶሻም እንዲሁ። ላዳ ላይም የማስወጫ ቀዳዳዎች አሉ፤ ተጠቀሙባቸው።

ቮልስ ላይ የኋላው ታምቡር በ36 ሚሊሜትር ዳዶ ነው የታሰረው። መቆለፊያ ሽቦውን አውጥታችሁ ዳዶውን የምታላሉት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ክሪክ ላይ ሆኖ በረጅም ቱቦ መጎተት መኪናውን ከክሪኩ ይጥለዋል። ከዚያ በፑለር። የአክሱን ጫፍ በመዶሻ ከመታችሁ ጥርሱ ይተኛና ዳዶው አይመለስም።

የፊት ፍሬን፦ ካሊፐርና የአየር ማውጫ ቪቴ

ዲስክ ሞዞ ላይ ሲነክስ አያያዙ ከታምቡር ብዙም አይለይም። ካሊፐሩ ግን ሌላ ጣጣ አለው።

ፒስተኑ ከነከሰ 2 ምርጫ አለ፦ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ወይም በራሱ በፍሬን ፔዳሉ መግፋት። እኔ ያለ ማቅማማት ፔዳሉን እመርጣለሁ። ካሊፐሩን ከቦታው አንሱ፣ የዘይት ቱቦውን ግን አትፍቱ። ፒስተኑ ፊት ጣውላ አስቀምጡ። አንድ ሰው ቀስ እያለ ይርገጥ። ዘይት አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሲወጣ ግፊቱ ወዲያው ይሞታል። አየር ግን ታምቆ ይቆይና ፒስተኑን እንደ ጥይት ይወረውረዋል። ጣት የተቀጠቀጠበት ሜካኒክ ጠይቁ፣ ይነግራችኋል።

የአየር ማውጫዋ ቪቴ ትንሽ ናት፣ ውስጧም ባዶ ነው። ስለዚህ ቶሎ ትቆረጣለች። ባለ 6 ጎን ቁልፍ ብቻ ተጠቀሙ፤ ባለ 12 ጎኑ ጠርዟን ይበላዋል። መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቅ ሞክሩ፣ ዝገቱ ይሰበራል። ከዚያ መታ መታ፣ ዘይት፣ እረፍት፣ ወደ ማላላት። በቀዳዳዋ ልክ የሆነ የመሰርሰሪያ ጫፍ ዘንጉን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ብታስገቡባት ስትጠመዘዝ አትጨፈለቅም። ከተቆረጠች ቶርኖ ቤት ውሰዱት፤ እቤት ለመሰርሰር አትሞክሩ።

እናንተ የትኛውን?

ጊዜ ኖሯችሁ ገንዘብ ካጠራችሁ፦ ዘይት ለ2 ቀን፣ ከዚያ 2 ቡሎን። አብዛኛው እዚህ ላይ ይለቃል።

ነገ መንገድ ያለባችሁ ከሆነ መኪናውን አትጎትቱ፤ የተቆለፈ ጎማ መጎተት ጎማውንም ሸራውንም ይጨርሳል። ሜካኒኩን ወደ ግቢያችሁ ጥሩት። «መዶሻው የት ነው የሚያርፈው? ቡሎን መግፊያ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ስትሰሙ ሰውየውን ታውቁታላችሁ።

መኪናዋ እንጀራችሁ ከሆነች፣ አጋሮና በደሌ የምትመላለሱባት ከሆነች፣ አንዴ ከተከፈተ ሸራውን፣ የሲሊንደሩን ማሸጊያና ሞላዎቹን አብራችሁ ቀይሩ። ሁለቱንም ጎን፤ አንድ ጎን ብቻ ከተቀየረ ስትይዙ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። ታምቡሩ ላይ የሚፈቀደው ትልቁ የውስጥ ስፋት ተቀርጿል። ቶርኖ ቤት ከማስላጣችሁ በፊት አስለኩት፤ ካለፈ ይጣል።

ፍሬን ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ ዘይቱን እናንተ ጨምሩ፣ ቀሪውን ለባለሙያ ተዉ።

ስትመልሱት የሞዞውን ዙሪያ ዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ሸራው ወገን ምንም አይድረስ። ክረምት ላይ መኪና ስታቆሙ የእጅ ፍሬኑን አትያዙ፤ ሜዳ ላይ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሜዳ መንገድ ላይ፣ መኪናና ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አድርጉ። 10 ጊዜ ያህል ያዙ፣ ልቀቁ። ወርዳችሁ፣ ሳትነኩት፣ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ገና ይዟል ማለት ነው፤ ግቤን ሳታስቡ ወደ ግቢ ተመለሱና እንደገና ክፈቱት።